ዩራኒየም ምንድን ነው? ከከሰል የሚያንስ ማገዶ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2025 ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል ዕቅድ ከተፈራረመች ወዲህ፣ ጎንደር ፒያሳ መብራት በጠፋ ቁጥር የዩራኒየም ወሬ ይነሳል። «አንድ ግራም ለከተማው ሙሉ ዓመት ይበቃል» ሲባልም ሰምቻለሁ። ኧረ አይበቃም። ግን ወሬው እንዲያው ከመሬት የተነሳ አይደለም።

ዩራኒየም ብረት ነው። ሲጸዳ እንደ ብር ያብለጨልጫል፣ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ከእርሳስ እንኳ 1.7 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ያን ያህል ብርቅም አይደለም። የፋሲል ግንብ በተሠራበት ባዛልት ዓይነት ድንጋይ ውስጥም ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በቶን አንድ ግራም አይሞላም።

ይህ ብረት ሁለት ዓይነት ጉልበት አለው። የመጀመሪያው ኬሚካላዊ ነው። ዩራኒየም ይነዳል። በጣም ከደቀቀ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይቀጣጠላል። አንድ ግራም ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ግን 5 ኪሎጁል አካባቢ ነው። ጥሩ ከሰል በግራም 30 ይሰጣል። ቅዳሜ ገበያ ወስደው ለማገዶ ቢሸጡት ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ሁለተኛው ጉልበት ያለው በአቶሙ እምብርት፣ በኒውክለሱ ውስጥ ነው። እዚያ 92 ፕሮቶኖች ተጨናንቀዋል፤ ሁሉም ፖዘቲቭ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ይገፋል። አጣብቆ የያዛቸው የኒውክለስ ኃይል ነው፣ እሱም በጭንቅ። ዩራኒየም 235 የሚባለውን ዓይነት አንድ ዝግተኛ ኒውትሮን (ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም ያልሆነ የኒውክለስ ቅንጣት) ሲመታው ኒውክለሱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ስንጣሪዎቹ እየተገፋፉ ይፈናጠራሉ፤ ሙቀት የሚሆነው ይህ ፍጥነታቸው ነው። ሁለት ሦስት ኒውትሮኖችም አብረው ይወጡና ሌሎቹን ይመታሉ፤ እንዲህ እያለ ይቀጣጠላል። መሰንጠቁን ኦቶ ሃን እና ፍሪትዝ ስትራስማን በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1938 አገኙት፣ ምን እንደሆነ ያስረዱት ደግሞ ሊዘ ማይትነር እና የእህቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ናቸው።

አሁን ያችኑ አንድ ግራም እንመልከት። ንጹሕ ዩራኒየም 235 ብትሆንና ሁሏም ብትሰነጠቅ 82 ቢሊዮን ጁል ያህል ይወጣል። በከሰል 2.7 ቶን መሆኑ ነው፤ ሃምሳ ኪሎ በሚይዝ ጆንያ ከሃምሳ ጆንያ ይበልጣል። ከሙቀቱ ሲሶው ብቻ ኤሌክትሪክ ቢሆን እንኳ፣ 3.5 ኪሎዋት የሚበላ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ2,000 ሰዓት በላይ ያስጋግራል። ለአንድ ቤት ጉድ ነው፣ ለከተማ ግን ምንም አይደለም።

ችግሩ ከመሬት የሚወጣው ዩራኒየም ውስጥ 235ቱ 0.7 በመቶ ብቻ መሆኑ ነው። የቀረው ማለት ይቻላል በሙሉ ዩራኒየም 238 ነው፣ በዝግተኛ ኒውትሮን የማይሰነጠቅ። ሁለቱ በኬሚካል ጸባይ መንታ ናቸው፤ አሲድ ቢያፈሱባቸው እኩል ይሟሟሉ። የሚለያቸው ክብደት ብቻ ነው፣ እሱም ለጥቂት። ስለዚህ መላው እንዲህ ነው፦ ዩራኒየሙን ከፍሎሪን ጋር ያዋህዱታል፤ ውህዱ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጋዝ ይሆናል። የተፈጥሮ ፍሎሪን ሁሉ አንድ ዓይነት ክብደት ስላለው፣ በጋዙ ውስጥ የሚኖረው የክብደት ልዩነት የዩራኒየሙ ብቻ ነው። ጋዙን በሴንትሪፊውጅ በኃይል ሲያሽከረክሩት ከባዱ ወደ ዳር ይሸሻል። በዜና «ማበልጸግ» የሚሉት ይህንን ነው። ለአብዛኛው የኃይል ማመንጫ 235ቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ ከደረሰ ይበቃል፤ ለቦምብ 90 በመቶ አካባቢ ይፈለጋል።

ከዚያ ጋዙ ወደ ኦክሳይድ (የዩራኒየምና የኦክስጅን ውህድ) ይለወጥና ተጨምቆ፣ በእሳት ተተኩሶ፣ የጣት ጫፍ የምታክል ጥቁር ድብልብል ይሆናል። ከ2,800 ዲግሪ በታች አትቀልጥም። አዲሷን ድብልብል በጓንት ቢይዟት ብዙም አታሰጋም፤ ዩራኒየም 238 ግማሹ ለመፍረስ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ስለሚፈጅበት ጨረሩ ደካማ ነው፣ በዋናነት የሚረጨው የአልፋ ጨረርም ቆዳ አያልፍም። መጥፎው ብናኙን መዋጥ ወይም መተንፈስ ነው። ያኔ ኩላሊት ይጎዳል፣ ይህም የጨረር ሳይሆን የኬሚካል መርዝነቱ ነው።

ሬአክተር (ስንጥቁ የሚካሄድበት ምድጃ) ገብታ የወጣችው ድብልብል ግን ሌላ ናት። በስንጥቁ እንደ ሲዚየም 137 እና ስትሮንሺየም 90 ያሉ ኃይለኛ ጨረር የሚረጩ ነገሮች ይፈጠሩባታል። ማንም አይጠጋትም፤ መጀመሪያ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ለዓመታት ትቀመጣለች። ከውስጧ ግን አሁንም ከ90 በመቶ በላዩ ያው ዩራኒየም ነው።