ካርታ ስንስብ የምንሳሳተው ሂሳብ

ከታች ያለው ስሌት ሁሉ ጆከሮቹ ለወጡለት፣ በደንብ ለተበወዘ 52 ካርታ ነው።

«ቀድሞ የሳበ ኤሱን ይወስዳል»

ልጅ ሳለን ክረምት ላይ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የምንጣላው በዚህ ነበር። ቀድሜ ከሳብኩ «በቃ፣ ኤሶቹን ጨረስካቸው» ብሎ ያኮርፋል።

እስቲ እናስላው። ኤስ 4 ነው፤ ስለዚህ የእኔ ዕድል 4 ከ52፣ ማለትም ከ13 አንድ ነው። የእሱስ? ሁለት ሁኔታ አለ። እኔ ኤስ ስቤ ከሆነ ለእሱ 3 ቀርተዋል፤ ይህ 4×3=12 መንገድ ነው። ሌላ ካርታ ስቤ ከሆነ 4ቱም አሉ፤ 48×4=192። ድምሩ 204። ሁለት ካርታ ተራ በተራ የሚሳብበት መንገድ በጠቅላላው 52×51=2652 ነው። 204ን ለ2652 ስታካፍለው ያው ከ13 አንድ ይመጣል። ሲያኮርፍ የነበረው በከንቱ ነው።

የሳብኩትን ገልጬ ካሳየሁት ግን ነገሩ ይለወጣል። ኤስ ከሆነ የእሱ ዕድል ወደ 3 ከ51 ይወርዳል፤ ካልሆነ ወደ 4 ከ51 ከፍ ይላል። የተደረደረው ካርታ ንቅንቅ አላለም፤ የተለወጠው እሱ የሚያውቀው ነገር ነው።

«ሁለት ኤስ በተከታታይ? 1/13 በ1/13 አባዛው»

አይሆንም። አንዱ ኤስ ወጥቷላ! 4/52×3/51 ነው፤ ከ221 አንድ።

«3 ጊዜ ቀይ ከወጣ ቀጥሎ ጥቁር ነው»

እየመለስክ፣ እየበወዝክ ከሆነ ውሸት ነው። ካርታው ቅድም ምን እንደወጣ አያስታውስም፤ ሁሌም ግማሽ በግማሽ ነው። ሳትመልስ ከሆነ ግን ትንሽ እውነት አለው። ከቀሩት 49 ውስጥ 26ቱ ጥቁር ናቸው፤ 53 በመቶ ገደማ። ብር የሚያስይዝ ልዩነት ግን አይደለም።

«ኪንግ ወይም ልብ የማግኘት ዕድል 4+13፣ 17 ከ52 ነው»

የልቡን ኪንግ ሁለቴ ቆጠርከው። 16 ነው።

«ዓይነቱ 4 ስለሆነ 4 ካርታ ብስብ አንዱ ልብ መሆኑ አይቀርም»

ይቀራል እንጂ። ልብ ያልሆኑት 39 ናቸው። አራቱም ከእነሱ የመሆናቸው ዕድል 39/52×38/51×37/50×36/49 ነው፤ 30 በመቶ ገደማ። ከ10 ጊዜ 3ቱን ያለ ልብ ትቀራለህ። ይህን እንኳ ወንድሜ ያለ ክርክር ይቀበላል፤ ልብ ሲጠብቅ ስንቴ ተበልቷል!