የውሃ ተርብ በጎንደር ዙሪያ

ጎንደር ውስጥ ክረምቱ ወጣ ሲል ቀሃ ወይ አንገረብ ወንዝ ዳር ቆም ብሎ ላየ ሰው አራት ክንፍ ያላቸው፣ ገላቸው እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥ ያለ ነፍሳት ውሃው ላይ ሲመላለሱ ማየት ብርቅ አይደለም፣ የውሃ ተርብ ይባሉ እንጂ አይነድፉም፣ መርዝም የላቸውም።

ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ወፈር ያለው ነው፣ ሲያርፍ ክንፉን እንደዘረጋ ነው፣ ትልልቅ ዓይኖቹም ብዙ ጊዜ አናቱ ላይ ይነካካሉ። ሌላኛዋ ቀጭን፣ አበራረሯ ደከም ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክንፏን ጀርባዋ ላይ ገጥማ የምታርፍ። ከቀጭኖቹ ኢስክኑራ አቢሲኒካ የምትባለው ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የለችም።

ሰው የሚያየው ግን የዕድሜያቸውን መጨረሻ ነው፣ ብዙዎቹ ከዛ በፊት ወራት፣ አንዳንዶቹም ዓመታት ክንፍ ሳያወጡ ጭቃና ቅጠል መሃል ውሃ ውስጥ ይኖራሉ። እዛም አዳኝ ናቸው፦ የታችኛው ከንፈራቸው ታጥፎ አገጫቸው ስር ይቀመጥና የትንኝ እጭ ሲጠጋ በቅጽበት ተስፈንጥሮ ይይዘዋል። የወፍራሙ እጭ የሚተነፍሰው ደግሞ በፊንጢጣው ነው (አትሳቁ)፣ ውሃ ይስባል፣ ስንጥቡ (ውሃ ውስጥ መተንፈሻው) እዛው ውስጥ ነው፣ አደጋ ከመጣ ያንኑ ውሃ በኃይል ተፍቶ ወደ ፊት ይወነጨፋል። የቀጭኗ ስንጥብ ግን ጭራዋ ላይ ነው፣ ሦስት ቅጠል መሳይ። ሲደርሱ ጎርጎራ በኩል ከሆነ ደንገል ላይ ይወጣሉ፣ ጀርባቸው ይሰነጠቅና ባለክንፉ ይወጣል፣ ባዶው ቆዳ እዛው ተጣብቆ ይቀራል።

ትንኝ ስለሚበሉ የደምቢያን ወባ ያጠፋሉ የሚል ካለ ግን ትንሽ ተጋኗል፣ የወባ ትንኝ በብዛት የምትወጣው ማታ ነው፣ እነሱ ደግሞ በአብዛኛው የቀን አዳኞች ናቸው፣ ዋናው ጥቅማቸው ውሃ ውስጥ ባለው የትንኝ እጭ ላይ ነው።

ወንዱ ሴቷን በጭራው ጫፍ ጭንቅላቷ ወይ አንገቷ ላይ ይይዛታል፣ ብዙዎቹም ከማዳቀላቸው በፊት የቀደመውን ወንድ ዘር ጠርገው ያወጣሉ፣ ቅናት ማለት ይሄ ነው። እንቁላሏን ስትጥል የምትመራው በውሃ ነጸብራቅ ስለሆነ ታጥቦ የሚያብለጨልጭ መኪና ላይ ጭራዋን ስትነካካ ልትታይ ትችላለች፣ ያ እንቁላል በቃ ከንቱ ነው።

የፋሲል መዋኛ ውስጥስ ይራባሉ? ለጥምቀት ከቀሃ ይሞላል ከዛ ይለቀቃል፣ ዓመት ሙሉ ውሃ ለሚፈልጉት አይሆንም። ከወፍራሞቹ ፓንታላ የምትባለዋ ግን፣ ህንድ ውቅያኖስን የምታቋርጠዋ፣ ዝናብ ያቆረው ኩሬ ይበቃታል፣ እጯ በሁለት ወር ገደማ ክንፍ አውጥቶ ይሄዳል።