«አረጠች» የሚባለው መቼ ነው?

«የወር አበባዬ ሦስት ወር ቀረብኝ፤ አርጬ ይሆን እንዴ?» ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ገና ነው። ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ 12 ወር ሙሉ በተከታታይ ሲቀር ነው። ያውም የቀረው በእርግዝና፣ በማጥባት፣ በመድኃኒት ወይም በሕመም ሳቢያ ካልሆነ።

የ49 ዓመት ሴት እናስብ። መጨረሻ ያየችው መስከረም ላይ ነው። ግንቦት ላይ ድንገት መጣባት። ያ ስምንት ወር ተሰረዘ፤ ቆጠራው ከግንቦት እንደ አዲስ ይጀምራል። 12 ወሩ እስኪሞላ ደግሞ ማርገዝ ትችላለች። «ኧረ በዚህ ዕድሜ!» ብሎ መከላከያ መተው ጉድ ይሠራል።

ከሰው ሰው የሚለየው ዕድሜውና ስሜቱ ነው። አብዛኞቹ ከ45 እስከ 55 ባለው ጊዜ ያርጣሉ። አንዷን የሌሊት ላብ አንሶላ ያስቀይራታል፤ ሌላዋ ምንም ሳይሰማት ታልፋለች።

የማይለያየው ይህ ነው፦ 12 ወር ካለፈ በኋላ ጠብታ ደም እንኳ ከታየ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው። ግን የማሕፀን ካንሰር ምልክትም ሊሆን ስለሚችል «ተመልሶ መጣ» ተብሎ አይታለፍም። ከ40 ዓመት በፊት ወር አበባዋ መምጣት ያቆመ ሴትም 12 ወር እስኪሞላ አትጠብቅ፤ ቀድማ ትመርመር።