በአዲስ አበባ ግቢዎች በቤተሰብ እጅ የሚሠሩ የልጆች መጫወቻዎች

በአዲስ አበባ የልጆች መጫወቻ የሚባለው ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ወይም በመናፈሻ የተተከለ ብረት ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ ከግንባታ በተረፈ አጣና፣ ጠርብ፣ ፌሮ፣ ገመድና አሮጌ ጎማ በገዛ ግቢው የሚሠራው ዥዋዥዌ፣ የአሸዋ ገንዳ፣ መንጠላጠያና የዕቃ ዕቃ ጎጆም በዚሁ ስም ይጠራል። ሥራው በጽሑፍ ሳይሆን በማየት የተወረሰ ሙያ ሲሆን፣ አናጺ ያልሆነ አባት ወይም ታላቅ ወንድም በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሊጨርሰው መቻሉ ዋነኛ መለያው ነው።

ግቢው እንዴት የልጆች ሆነ

የከተማዋ ነባር ግቢ ዋናውን ቤት፣ ማድ ቤቱን፣ ሰርቪሱንና ጎመን ወይም ጌሾ የሚበቅልበትን ጓሮ በአንድ አጥር የያዘ ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ግቢው በአብዛኛው የአንድ ባለቤት ይዞታ ነበር።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሲሆኑ፣ ከ300 ብር በታች የሚከራዩ ቤቶች ኪራይም እንዲቀንስ ተደረገ። አዋጁ ስለ ልጆች ጨዋታ አንድም ቃል ባይኖረውም፣ የግቢውን ኑሮ ግን ከሥሩ ለውጦታል። የቀድሞው ባለቤት በዋናው ቤት ሲቀር ሰርቪሱና ሌሎቹ ክፍሎች ለቀበሌ ተከራዮች ተሰጡ፤ በአንድ የውሃ ቧንቧና በአንድ የልብስ ማስጫ ገመድ የሚጠቀሙ ሦስትና አራት ቤተሰቦች በአንድ በር መውጣትና መግባት ጀመሩ። በዚህ ዓይነት ግቢ ውስጥ አንዱ አባት የሚያስረው ዥዋዥዌ የሁሉም ልጆች ይሆናል፤ ተራ የሚያስጠብቀውም በረንዳ ላይ ቡና የምታፈላው እናት፣ የማንም እናት ብትሆን፣ ናት። የግቢ ጨዋታ ባህል የተወለደው በዚህ ዘመን ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ከዚያ በፊትም እንደነበረ ይናገራሉ። ብዙ ልጆችን በአንድ አጥር ውስጥ የሰበሰበው ግን ይኸው ዘመን መሆኑ አያከራክርም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ የብዙ ልጆችን መጫወቻ ከጓሮ ወደ ደረጃና ወደ መኪና ማቆሚያ አዛውሮታል።

ክረምትና መሬት

በዚህ ሥራ የሚሳሳት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው መሬቱን ረስቶ ከዕቃው በመጀመሩ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ዝናቡ የሚበረታው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉበትና ግቢው ጭቃ የሚሆንበት ወቅት አንድ በመሆኑ፣ የታሰበበት ግቢ በበጋው መዘጋጀት ይኖርበታል፤ ውሃው ወደ ቱቦው እንዲወርድ መሬቱ ዘንበል ይደረጋል፣ መተላለፊያው ገረጋንቲ (ጠጠር የተቀላቀለበት አፈር) ይለብሳል፣ ከበረንዳው ቀጥሎ ጥቂት ቆርቆሮ ተዘርግቶ ዝናብ የማይነካው የመጫወቻ ጥግ ይወጣል።

ብዙ ቤተሰብ ጭቃውን ለመገላገል ግቢውን በሙሉ ሊሾ (ለስላሳ የሲሚንቶ ወለል) ያደርጋል። ሊሾ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ለመሣል፣ ለገመድ ዝላይና ለኩሽኔታ ጋሪ የሚመች ነው፤ ከዥዋዥዌ ወይም ከመንጠላጠያ የሚወድቅ ልጅ ግን ጭንቅላቱ የሚያርፈው በድንጋይ ላይ እንደሆነ ይቆጠራል። ስለዚህ ቢያንስ የከፍታ ዕቃ የሚተከልበት ጥግ አፈር ሆኖ ሊቀር ይገባል። በእግር መረገጥን የሚችለው ሣር ሰርዶ ነው፤ በዥዋዥዌ ሥር ግን ሰርዶም በአንድ ወር ተልጦ ጠጣር መሬት ስለሚሆን አሸዋ ይደረግበታል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በሚያወጣው መመሪያ መሠረት 23 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ ከ1.2 ሜትር ከፍታ ለሚወድቅ ልጅ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጥ ከፍታ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሻለ ነው።

ዥዋዥዌ

ዥዋዥዌ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ወይም በቋሚ ላይ ይታሰራል። ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን ሳይታሰብ የሚጥል፣ አቮካዶ ደግሞ በቀላሉ የሚሰበር ስለሆነ ሁለቱም አይመረጡም። የቋሚው የተለመደ አሠራር ሁለት ሁለት ወፍራም አጣና አናታቸው ላይ አጣምሮ በሁለቱ ጫፍ በማቆም አግዳሚውን በላያቸው ማስተኛት ነው፤ እግሮቹ ግማሽ ሜትር ያህል ተቀብረው በኮንክሪት ይያዛሉ። አቅም ያለው በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት በሆነ ብረት) አስበይዶ አንቲሩጂኔ፣ ማለትም የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ይቀባዋል። ምስጥን ለመከላከል አጣናውን የተቃጠለ ዘይት መቀባት የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ልጅ እጁን በሚያሳርፍበት ክፍል ላይ መቀባቱ ስህተት ነው፤ ከመሬት በታች ያለውን ብቻ መቀባት ይበቃል።

ከላይ በተጠቀሰው የአሜሪካ መመሪያ መሠረት ከአግዳሚው ከፍታ እጥፍ የሚሆን ርቀት ከፊትና ከኋላ፣ 1.8 ሜትር ያህል ደግሞ ከግራና ከቀኝ ባዶ መሆን አለበት። አግዳሚው 2 ሜትር ከሆነ ከፊት 4፣ ከኋላ 4 ሜትር ማለት ነው፤ በጠባብ ግቢ ይህ ስለማይገኝ አግዳሚውን ዝቅ ማድረግ ከአጥሩ ጋር ከመላተም ይሻላል። የቃጫ ገመድ በዝናብ ይበሰብሳል፣ ናይሎን በፀሐይ ይሳሳል፤ ሁለቱም ክረምቱ እንዳለፈ ቋጠሯቸው ተፈትቶ መታየት አለባቸው። መቀመጫው ከጠርብ ሲሆን በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ከጎሚስታ (ጎማ ጠጋኝ) የሚገኝ አሮጌ ጎማ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ውሃ አጠራቅሞ የቢንቢ መራቢያ እንዳይሆን ከታች ይበሳል፣ የተበላው ጎኑም የብረት ክሩን አውጥቶ ጭን የሚቧጭር መሆን አለመሆኑ በእጅ ተዳስሶ ይታያል።

ኩሽኔታና የዕቃ ዕቃ ጎጆ

የአዲስ አበባ ልጆች ከጋራዥ የሚለቃቅሙትን ኩሽኔታ (የመኪና ክብ ተሽከርካሪ ብረት) አራት አድርገው በጠርብ ላይ ሲሠኩ የሚገኘው ጋሪ፣ በቁልቁለት መንገድ ሲንከባለል ድምፁ ከሁለት ሰፈር ርቆ የሚሰማ፣ ምናልባትም በከተማዋ ልጆች እጅ ከተሠሩት ሁሉ የረቀቀው ነው። ሥራው ከመቀመጫው ይልቅ በፊተኛው እንጨት ላይ ነው፤ ይህ እንጨት በአንድ ብሎን ተይዞ በሁለት ወገን ስለሚዞር እግር ይመራዋል፣ የብሎኑ ማሰሪያ ዳዶ ከልክ በላይ ከጠበቀ አይታዘዝም፣ ከላላ ደግሞ ይነቃነቃል። የሚሠራው በልጆቹ ስለሆነ ወላጅ የሚረዳው ብሎኑን በማጥበቅና ጋሪው በግቢው ሊሾ ላይ ብቻ እንዲነዳ በማስተዋል ነው፤ መኪና የሚወርድበት ቁልቁለት የዚህ ጨዋታ ጥንታዊ ጠላት ነው።

ለዕቃ ዕቃ የሚሠራ ጎጆ ከአጣናና ከቆርቆሮ ቁራጭ ይቆማል። የቆርቆሮው ጠርዝ የሚደርሰው በትክክል በልጅ ፊት ልክ ስለሆነ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይደፈጠጣል። በአጣናዎቹ መካከል የሚተወው ክፍተትም ከ9 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር ባለው ልክ እንዳይሆን ይመከራል፤ ገላ የሚያልፍበት፣ ጭንቅላት ግን የሚያዝበት ልክ ይህ ነውና። ጎጆው ቀለም የሚቀባ ከሆነ እርሳስ የሌለበት መመረጥ አለበት።

በግቢው ውስጥ ቀድሞ ያለው

ብዙ ግቢ ሳይታሰብ የያዘው ነገር ከሚሠራው ሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍሬው የሚመርዘው ጉሎና አስተናግር፣ ወተቱ ዓይን የሚያቃጥለው ቁልቋል ከመጫወቻው አካባቢ ይነቀላሉ፤ ኮሽም ፍሬው የሚበላ ቢሆንም እሾሁ ረጅም ስለሆነ ከአጥርነት አልፎ ወደ መሮጫው እንዳይጠጋ ይገረዛል። በአጥር አናት ላይ የተሰካ ስባሪ ጠርሙስ ኳስ ተከትሎ ለሚወጣ ልጅ አደጋ ነው። ውሃ የተሞላ ሳፋና በርሜል ለታዳጊ ሕፃን የሚያሠጋ መሆኑም ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ልጆቹ ሲያድጉ ዕቃዎቹ ወደ ሌላ ሥራ ይዞራሉ፦ አግዳሚው የልብስ ማስጫ ወይም የዶሮ ቆጥ፣ ጎማው የአበባ መትከያ፣ የአሸዋው ገንዳም ለቀጣዩ ልስን የሚያገለግል ክምር ይሆናል።