ጥቁሮቹ ሌጌዎኖች፦ የፈረንሳይ ስውር ብላክ ሜታል ባንዶች

ወንጌል ያነበበ ሰው ሌጌዎን የሚለውን ቃል ያውቀዋል። በመቃብር መካከል የሚኖረው ሰው ስሙን ሲጠየቅ፣ ብዙዎች ነንና ስሜ ሌጌዎን ነው ብሎ ይመልሳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች ይህንኑ ስም ለራሳቸው አወጡ። ሌ ሌዥዮን ኗር ተባባሉ፤ ጥቁሮቹ ሌጌዎኖች ማለት ነው። የነሱ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ወረቀት ላይ ከአስር በላይ ባንድ ነበራቸው። ሰዎቹ ሲቆጠሩ ግን አንድ ሚኒባስ አይሞሉም። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብላክ ሜታልን ሰምቶ ለማያውቅ በአጭሩ እንዲህ ነው። የሄቪ ሜታል ልጅ ነው፤ ያመፀ ልጅ። ስሙ የመጣው ቬነም የተባለ የእንግሊዝ ባንድ በ1982 ካወጣው አልበም ነው። ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ግን ኖርዌይ ውስጥ ነው። ጊታሩ እንደ ንብ መንጋ ሳያቋርጥ ይጮኻል። ከበሮው ይጋልባል። ዘፋኙ ጉሮሮውን እየቧጠጠ ያንባርቃል። ፊታቸውን በነጭና በጥቁር ቀለም ተቀብተው ሬሳ ይመስላሉ። ግጥሙ ሰይጣን፣ ሞት፣ ብርድና ጫካ ነው። በ1992 እና በ1993 በኖርዌይ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉና አንድ ታዋቂ ሙዚቀኛ ሲገደል ዓለም ሁሉ ወሬውን ሰማ።

ፈረንሳይ በዚህ ነገር ቀድማ የታወቀችው በነጋዴነት ነው ማለት ይቻላል። ኦስሞዝ ፕሮዳክሽንስ የተባለው አሳታሚ በ1991 ከሰሜን ፈረንሳይ፣ ቦረንቪል ከምትባል ትንሽ ከተማ ሥራ ጀመረ። የኖርዌዮቹን ኢሞርታልንና ኤንስሌቭድን፣ የስዊድኖቹን ማርዱክን ለዓለም ያሠራጨው እሱ ነው። የውጭው ሙዚቃ በፈረንሳይ በር እየወጣ ገበያውን ሲያደምቅ፣ የአገሬው ልጆች ደግሞ በየጓዳቸው ሌላ ነገር ይሠሩ ነበር።

የጓዳው ማዕከል ብረስት ናት። ብረስት በምዕራብ ፈረንሳይ ጫፍ፣ በብረታኝ ክልል ያለች የባሕር ኃይል ወደብ ናት። ያለችበት አውራጃ ፊኒስቴር ይባላል፤ ትርጉሙ የምድር መጨረሻ ነው። ከተማዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈራርሳ እንደ አዲስ በሲሚንቶ ተሠራች። ዝናቡ ማቆሚያ የለውም። የፓሪስን ካፌና መብራት አስቦ ብረስት የወረደ ሰው ግራ ይጋባል። ይህ ሙዚቃ እዚያ መፈልፈሉ እኔን ብዙም አይገርመኝም።

ከብረስቶቹ በይበልጥ የታወቀው ቭላድ ቴፔስ ነው። ስሙን የወሰደው ሰዎችን በሹል እንጨት ላይ በመሰካት ከሚታወቀው የ15ኛው ክፍለ ዘመን የዋላኪያ (የዛሬዋ ሩማኒያ ክፍል) መስፍን፣ የድራኩላ ተረት ከተያያዘበት ሰው ነው። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ድራክስታይም የሚል የጋራ ቅጽል ስም ነበራቸው። ከሌሎቹ የሚለዩት ዜማ ስላላቸው ነው። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ስር የሚያስጨበጭብ የድሮ ሄቪ ሜታል ምት አለ። አንዴ ከያዘህ አይለቅህም።

ቤልኬትርም የሁለት ሰው ባንድ ነው፤ ግን ጨለማው ይብሳል። ከሁለቱ አንዱ ቮርድብ የሚል ስም ይዞ ነበር። ይኸው ሰው ብቻውን ሞዌቮት የሚባል ሌላ ባንድ ሆነ። ብሬኖሪትቭሬዞርክርም እሱ ነው። (ስሙን ጮክ ብላችሁ ለማንበብ ሞክሩት፤ እኔ በሦስተኛው ነው የተሳካልኝ።) የቤልኬትር ሁለተኛ ሰው ደግሞ አኮን ኬትሬህ ተብሎ ለብቻው ያለ ከበሮ፣ በዝግታ የሚንጠባጠብ የጊታር ሙዚቃ ቀረጸ። ቶርጋይስትና ብላክ መርደርም የዚሁ ክበብ ናቸው። እንዲህ እያለ ነው እንግዲህ ሌጌዎኑ የበዛው። አንዳንዱ ባንድ ሁለት ካሴት ሠርቶ ጠፋ፤ ከአንዳንዱ የተረፈው ስሙ ብቻ ነው።

ቮርድብ ቋንቋም ፈጥሯል። ግሎአትር ይባላል። የዘፈኖቹ ርዕስ አናባቢ አልባ በሚመስሉ፣ በነጥብና በጭረት በተሞሉ፣ በላቲን ፊደል በተጻፉ ቃላት የተሠራው ከዚያ ነው። ከውጭ ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። የሞዌቮትን ቀረጻ ስትሰማ ግን ሳቁ ይጠፋል። መጀመሪያ የሚሰማህ የካሴቱ ሽሽታ ነው። ቀጥሎ ኦርጋን የመሰለ ኪቦርድ ሁለት ሦስት ኖታ እየደጋገመ ይመጣል። ከዚያ በላይ አንድ ድምፅ አለ። አይዘፍንም፣ አያወራም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሌሊት ላይ ደክሞት እንደሚያቃስት ሰው ነው። ከበሮ የለም። መቼ እንደሚያልቅ አታውቅም፤ ድንገት ይቆረጣል።

የቀረጻው ጥራት ሆን ተብሎ የተበላሸ ነው። በርግጥ ገንዘብም አልነበራቸውም። ግን አብረቅራቂ የስቱዲዮ ድምፅ ለነሱ ክህደት ነበር። ካሴት በካሴት ላይ ሲገለብጥ ያደገ የኔ ዘመን ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ሦስተኛው ግልባጭ ላይ ድምፃዊው ጉንፋን የያዘው ይመስላል። እኛ ያንን ስንራገም እነሱ ወደውት ነው የሠሩት። ካሴቶቹ በጥቂት ቅጂ ተባዝተው ለሚያምኑት ሰው ብቻ ይሰጡ ነበር። ሽፋኑ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ነጭና ጥቁር፣ በእጅ የተጻፈ፣ ፊታቸውን የተቀቡ ልጆች ጫካ ውስጥ ቆመው።

ከክበቡ ሁሉ ሩቁ ሙቲላሲዮን ነው። በ1991 የተመሠረተው በደቡብ፣ ሞንፔሊየ አካባቢ ነው፤ ከብረስት አገሩን አቋርጦ ማዶ። መሪው ሜይናክ በሚል ስም የሚታወቅ ሰው ነው። የ1995 አልበሙ ድራካር በተባለው አሳታሚ በኩል ሲወጣ፣ ክበቡ ከካሴት አልፎ ሲዲ ላይ ታየ። ጊታሩ ከምት ይወጣል፣ ከበሮው ይደናቀፋል፤ ሐዘኑ ግን እውነተኛ ነው። ከዚህ ሁሉ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ አሰማ ብባል እሱን ነው የማሰማው። በዚያው በ1995 ቭላድ ቴፔስና ቤልኬትር አንድ ሲዲ ለሁለት ተካፍለው አወጡ። የመጀመሪያው ግማሽ የአንዱ፣ ቀሪው የሌላው ነው። ርዕሱ ሆሎኮስት የሚለውን ቃል እንደ ጌጥ የሚጠቀም ነው። ሙዚቃውን ብወድም ያ ርዕስ አይዋጥልኝም።

አብዛኛው ቀረጻ የተሠራው በ1993 እና በ1997 መካከል ነው። በመሐሉ ሙቲላሲዮን ከክበቡ ተለየ። ሌሎቹም ካሴት ማውጣት አቆሙ። መግለጫ የለም፣ የስንብት ኮንሰርት የለም። ድሮም መድረክ ላይ የሚታዩ ሰዎች አልነበሩም።

ጊዜውም ከፍቶ ነበር። በ1996 በደቡባዊቷ ቱሎን ከተማ ወጣቶች መቃብር ቆፍረው አስከሬን አረከሱ። ጋዜጣው ሁሉ ብላክ ሜታልን አነሳ፤ ወላጆችም የልጆቻቸውን የካሴት መደርደሪያ ማየት ጀመሩ። ድንጋጤው ግን ከባዱን ችግር የሳተ ይመስለኛል። በዚያው ዘመን አንዳንድ የፈረንሳይ ባንዶች ናዚነትን በግልጽ ይሰብኩ ነበር። ክሪስታልናኽት የተባለው ባንድ ስሙን ያወጣው በ1938 የጀርመን አይሁዶች ሱቅና ምኩራብ ከተሰባበረበት ሌሊት ነው። ዘግይቶ የመጣው ፔስት ኗርም በጽንፈኛ ብሔርተኝነቱ ብዙ አድማጭ አጥቷል። የዚህ ሙዚቃ ወዳጅ ይህን አላየሁም ሊል አይችልም።

ሌጌዎኖቹ ዝም ካሉ በኋላ ነው ዝናቸው የገነነው። ጫካ ውስጥ ይኖራሉ ተባለ። ደም ይጠጣሉ ተባለ። ካሴቶቹ ስላልተገኙ ወሬው ቦታቸውን ያዘ። ብልጦችም ያለፈቃድ እያባዙ በሲዲና በሸክላ ሸጡ። ኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ ለጥቂት ወዳጅ ብቻ የተሠራው ካሴት ማንም ስልኩ ላይ የሚያወርደው ፋይል ሆነ። አለመታየት የፈለጉ ሰዎች አለመታየታቸው ራሱ አስጠራቸው። ዛሬ ከብራዚል እስከ ጃፓን በክፍሉ ቁጭ ብሎ አውቆ ጥራቱን የሚያበላሽ ልጅ የብረስቶቹ ዘመድ ነው።

ከሌጌዎኖቹ ውጭ የበቀሉትም አሉ። ከኖርማንዲ ብሉት አውስ ኖርድ በ1995 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ፤ ኋላ ላይ ወደ ፋብሪካ ማሽን የተጠጋ፣ የሚያዞር ድምፅ ፈጠረ። በ1998 ፑዋቲዬ ውስጥ የተመሠረተው ዴዝስፔል ኦሜጋ ደግሞ መሸሸጉን ወርሷል። አባላቱ ስማቸውን በይፋ አይናገሩም፣ መድረክ ላይ አይወጡም። ሙዚቃው ግን ጨርሶ የጓዳ አይደለም። የተወሳሰበ ነው፤ ግጥሙም ሥነ መለኮት ያነበበ ሰው ሥራ ነው።

በጣም የሚገርመኝ ግን አልሴስት ነው። መሪው ኔዥ በረዶ የሚል ትርጉም ያለውን ስም የያዘ ሰው ነው፤ አንድ ሰሞን የፔስት ኗር ከበሮ መቺ ነበር። የ2001 ካሴቱ ያው የሚታወቀው ጩኸት ነው። በ2007 ባወጣው አልበም ግን ጩኸቱ የለም። ጊታሩ አሁንም ግድግዳ የሚያክል ነው፤ ድምፁ ግን ለስላሳ፣ ዜማው ብርሃን የሞላው ሆነ። ብላክ ሜታልን ከለስላሳ፣ ሕልም ከሚመስል የጊታር ድምፅ ጋር የሚያዋህደው ብላክጌዝ የሚባለው ዘርፍ ብዙውን ከዚያ ተነሣ። የድሮዎቹ አክራሪዎች ተበሳጩ።

ሙቲላሲዮንም ከዓመታት ዝምታ በኋላ በ2024 አዲስ አልበም አወጣ። ያሳተመው ያው የሰሜኑ ነጋዴ፣ ኦስሞዝ ነው።