አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ ሌሎችም የቤተ ሙከራ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ከሙከራው የተማርነው ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ ነው።» አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራ የተማሪ ሪፖርት ድምዳሜው ላይ ይህ ካለ፣ ወይ ቴርሞሜትሩን ያየው ሰው የለም፣ ወይ የታየው ቁጥር ተሰርዞ የመጽሐፉ ገብቷል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚንተከተከው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግን በየዓመቱ ያው ሪፖርት፣ ያው 100፤ አራሚውም ራይት አድርጎ ያልፋል። 92 ብሎ የጻፈ ምስኪን ኤክስ ይገባለታል።

«ቁጥሩ ከመጽሐፉ ካልገጠመ ሙከራው አልተሳካም»

የሌሎቹ ስህተቶች እናት ይቺ ናት። መጽሐፉ አልዋሸም፤ 100 ያለው በባሕር ጠለል ላይ ላለው የአየር ግፊት ነው፤ ያቺን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ግን ማንም አይሸመድዳትም። ውኃ የሚፈላው ውስጡ የሚፈጠረው የተን አረፋ ከላይ የሚጫነውን አየር ችሎ መቆም ሲችል ነው። የሚጫነው አየር ሲሳሳ አረፋው በዝቅተኛ ሙቀት ያሸንፋል። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር መፍያው 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ 96፣ ባሕር ዳር 94፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ91 ዝቅ ብሎ ይገኛል። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ 100ን በጥቂቱ ያልፋል። ደጋ ላይ ሽምብራ እሳት ላይ ውሎ የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ድስት ጥዶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሪፖርት ሲጻፍ ብቻ ይረሳል።

«ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነው» የሚለው ሰበብ በ5 ደቂቃ ይፈተናል። በረዶ ፈጭታችሁ ብርጭቆ ሙሉ አድርጉ፣ ክፍተቱን ብቻ የሚሞላ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩ፣ ቴርሞሜትሩን መሃሉ ላይ ከታችሁ በማንኪያ እያማሰላችሁ 3 ደቂቃ ጠብቁ። የሚቀልጥ በረዶ አዲስ አበባም ጅቡቲም ያው 0 ነው፤ ከፍታ አይነካውም ማለት ይቻላል። ቀይ ፈሳሽ ያለበት የትምህርት ቤት ቴርሞሜትር 1 ወይም 2 ዲግሪ ቢስት አይገርምም። ቀዩ መስመር መሃል ላይ ካልተቆረጠ በቀር 8 ዲግሪ ግን ዝም ብሎ አይስትም።

ስህተት ካለ ብዙ ጊዜ ያለው እጅ ላይ ነው። ጫፉ የቢከሩን ወለል ከነካ የሚለካው የወለሉን ሙቀት ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ለማንበብ ከውኃው አታውጡት፣ ወዲያው ይወርዳል። ዓይናችሁን ከመስመሩ ጋር አስተካክሉ፣ ቁጥሩንም ውኃው በደንብ ከተንተከተከ ከ2 ደቂቃ በኋላ ጻፉ። «ውኃው ጨው ኖሮበት ይሆናል» የሚልም አለ። 1 ሊትር ውኃ ላይ 30 ግራም ጨው ቢጨመር መፍያው የሚለወጠው በግማሽ ዲግሪ ነው፣ ያውም ወደ ላይ።

«ሻማው ኦክስጅኑን ጨረሰው፣ ውኃው ቦታውን ያዘ»

ይህኛው ደግሞ በመምህራንም አፍ የተለመደ ነው። ሳህን ላይ ሻማ ይተከላል፣ ዙሪያው ውኃ ይፈስበታል፣ ብርጭቆ ይደፋበታል፤ ሻማው ይጠፋል፣ ውኃው ብርጭቆው ውስጥ ከፍ ይላል። «ከፍ ያለው አንድ አምስተኛ ያህል ነው፣ እንግዲህ ከአየር 20 በመቶው ኦክስጅን ነው» ይባላል። ቁጥሩ ልክ፣ ማስረጃው ግን ውሸት።

ብርጭቆው ሲደፋ ጠርዙን ልብ ብላችሁ እዩት፤ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በሻማው ሙቀት የተለጠጠው አየር እየወጣ ነው። ከዚያ ውኃው በደንብ የሚወጣው ሻማው ከጠፋ በኋላ ነው። እሳቱ ከጠፋ ኦክስጅኑን ማን እየበላው ነው? ማንም፤ ውስጥ የቀረው አየር ሲቀዘቅዝ እየተሰበሰበ ነው። ያላመነ በ3 ሻማ ይድገመው፤ ብርጭቆው ያው፣ ኦክስጅኑ ያው፣ ውኃው ግን ከበፊቱ በልጦ ይወጣል። ሻማ የሚጠፋውም ኦክስጅን ሲያልቅ ሳይሆን ከ21 ወደ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው። ለተቃጠለው 3 እጅ ኦክስጅን ደግሞ 2 እጅ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመለሳል። ተደምሮ ተቀንሶ፣ በመቃጠል ብቻ የሚገኘው ባዶ ቦታ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም።

አንድ አምስተኛውን በእውነት ማየት የሚፈልግ ዝገትን ይጠቀም። ድስት መፈግፈጊያ የብረት ሽቦ ግዙ፤ የሚያብረቀርቀውን ጥቅልል ሳይሆን እንደ ጥጥ የሚሳሳውን፣ ምክንያቱም ጥቅልሉ አይዝግም። አቼቶ ውስጥ 1 ደቂቃ ነክራችሁ ጭመቁት፤ አቼቶው ፋብሪካ የቀባውን ዘይት ያነሳለታል፣ ይህ ከተዘለለ ሳምንትም ብትጠብቁ ንቅንቅ አይልም። አፍታትታችሁ ቴስት ቲዩብ ታች ድረስ ግፉት፣ ቲዩቡን ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ድፉት፣ የውኃውን ከፍታ በማርከር ምልክት አድርጉበት። ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውኃው ይወጣና ይቆማል፤ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ የአየር ቁመት ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ስትለኩ ቲዩቡን ዝቅ አድርጋችሁ የውስጡንና የውጭውን ውኃ አስተካክሉ፣ ሰዓቱም ከጀመራችሁበት ጋር ቢቀራረብ ይሻላል፤ የቀትር ሙቀት አየሩን ለጥጦ ያሳስታል። (በነገራችን ላይ ደጋ ላይ የሚያንሰው የአየሩ ግፊት ነው እንጂ የኦክስጅኑ ድርሻ አይደለም። ራስ ዳሸን ላይም ያው 21 በመቶ ነው።)

«ቤተ ሙከራ ከሌለ ሙከራ የለም»

እስካሁን ከተጠቀሰው ውስጥ ከሱቅ የማይገኘው ቴርሞሜትር፣ ቢከርና ቴስት ቲዩብ ብቻ ነው።

«በፕላዝማ አይተነዋል»

ፕላዝማ ላይ፣ ማለትም በክፍል ቴሌቪዥን በሚታየው ትምህርት፣ ቴርሞሜትሩን የሚያነብላችሁ ሌላ ሰው ነው።

«ቀይ ነገር ሁሉ አሲድና ቤዝ ይለያል»

ቀይ ሥር አይሆንም፤ ሎሚም ቤኪንግ ሶዳም ብትጨምሩበት ቀለሙ ብዙም አይለወጥም፣ ወደ ቢጫ የሚሄደው በጣም ኃይለኛ ቤዝ ሲያገኘው ብቻ ነው። ከርከዴ ቀቅሉና ውኃውን አቅጥኑት፤ በሎሚ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ በቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል።

«ሎሚ አምፖል ያበራል»

የእጅ ባትሪ አምፖል አያበራም። የመዳብ ሽቦና ዚንክ የተቀባ የቆርቆሮ ሚስማር የተሰካበት አንድ ሎሚ 0.9 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ከረንቱ ግን ለአምፖል ኢምንት ነው። 4 ሎሚ በተከታታይ፣ የአንዱን መዳብ ከሚቀጥለው ሚስማር ጋር እያገናኛችሁ፣ አንድ ቀይ ኤልኢዲ ጨለማ ውስጥ ፈዘዝ አድርጎ ያበራል። የኤልኢዲው ረጅም እግር በመዳቡ በኩል ይሁን፤ ከተገለበጠ 10 ሎሚም ቢሆን አይበራም።

«ቅጠሉ ቡናማ ስለሆነ ስታርች የለውም»

አረንጓዴው ሳይወጣ ስታርችን የሚለየው አዮዲን ከተንጠባጠበበት ምን ሊታይ ኖሯል? ፀሐይ ሲሞቅ የዋለ ቅጠል 1 ደቂቃ የፈላ ውኃ ውስጥ ይነከር፣ ከዚያ አልኮል ውስጥ እስኪነጣ ይቆይ፣ አልኮሉ ስለሚያደርቀው ለብ ባለ ውኃ ይለቅለቅ፣ በመጨረሻ አዮዲን። ከፋርማሲ የተገዛውን የቁስል አዮዲን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውኃ አቅጥኑት። ጥቁር ሰማያዊ ካሳየ ስታርች አለ። የሽንኩርት ቅጠል አትምረጡ፤ ስታርች አያከማችም።

አልኮሉን ግን በምንም ዓይነት እሳት ላይ አትጣዱት፤ ተኑ ከቢከሩ አፍ ፈሶ እሳቱ ጋ ይደርስና ክፍሉ ይያያዛል። ውኃ አፍሉ፣ እሳቱን አጥፉ፣ አልኮሉ ያለበትን ቢከር የፈላው ውኃ ውስጥ አስቀምጡ። አልኮል ባሕር ጠለል ላይ እንኳ በ78 ዲግሪ ይፈላል፤ የእኛ የ92 ዲግሪ ውኃ ተርፎት ይሠራል።

«በክር የተንጠለጠለ ከባድ ድንጋይ ፈጥኖ ይወዛወዛል»

አይወዛወዝም፤ ክብደቱ አይገባበትም፣ የሚወስነው የክሩ ርዝመት ነው። 1 ሜትር ክር አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከባዱ የፈጠነ የሚመስለው አንድ ዙር ብቻ ስለሚለካ ነው፤ እጅ ሰዓቱን ለመጫን 0.2 ሰከንድ ቢዘገይ ከ2 ሰከንድ ላይ 10 በመቶ ስህተት ነው። 20 ዙር ቁጠሩና ለ20 አካፍሉ፤ ያው መዘግየት ግማሽ በመቶ ይሆናል። ርዝመቱን ደግሞ ከታሰረበት እስከ ድንጋዩ መሃል ለኩ። እስከ ቋጠሮው ብቻ የለካ፣ ድንጋዩ ትልቅ በሆነ ቁጥር ክሩ ሳያውቀው እየረዘመበት፣ ከባዱን «ዘገምተኛ» ብሎ ይጽፋል።