ሳፕሮፔል ምንድን ነው?

ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ረጅም ቱቦ ሰክተው ደለሉን ሲያወጡት፣ አብዛኛው ፈዘዝ ያለ ጭቃ ነው። አልፎ አልፎ ግን ጥቁር መስመር ያቋርጠዋል። ሳፕሮፔል የሚባለው ያ ጥቁሩ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን የበሰበሰ ጭቃ እንደማለት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዝናብ ነው። ምድር እንደ እንዝርት ስትሽከረከር ዛቢያዋ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ በዚህም ምክንያት በየ21,000 ዓመቱ ገደማ የአፍሪካ ክረምት ይበረታና ወደ ሰሜን ገፍቶ ይገባል፤ ያኔ ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርደው ውኃ ይጨምራል፣ ናይልም ሞልቶ ባሕሩ ውስጥ ይደፋል። ጨው የሌለው ውኃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፣ እንደ ክዳንም ይሆናል። ከታች ያለው ውኃ አየር አያገኝም። ኦክስጅኑ ያልቃል። ከላይ እየሞተ የሚወርደው አልጌ በደንብ ሳይበላ ይቀበራል። የመጨረሻው ሳፕሮፔል የተጋገረው ከ10,000 እስከ 6,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው፤ ሰሃራ ሐይቅና ሣር የነበረው ያኔ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጥቁሩ መስመር ውስጥ ዛሬም ማይክሮቦች ይኖራሉ። ከላይና ከታች ካለው ጭቃ ይልቅ እዚያ በዛ ብለው ይገኛሉ፣ ያውም ደለሉ ሚሊዮኖች ዓመት ባስቆጠረበት ቦታ ጭምር! ምክንያቱ ምግብ ነው። ለስላሳው ድሮ ተበልቶ አልቋል፣ የቀረው ለመፍጨት የሚያስቸግረው ነው፤ እሱንም ቢሆን ትንሽ ትንሽ ይቆረጥሙታል። ኦክስጅን ስለሌለ አንዳንዶቹ በምትኩ የባሕር ውኃ ውስጥ ባለ ሰልፌት በሚባል የሰልፈር ውህድ ይተነፍሳሉ፣ የሚያወጡትም የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ኑሯቸው በጣም ዝግ ያለ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ በደንብ የተመገበ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ለሁለት ሊከፈል ይችላል፤ እነዚህ ግን ዓመታት፣ አንዳንዴም ከመቶ ዓመት በላይ እንደሚፈጅባቸው ይገመታል።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሳፕሮፔል ውስጥ የተገኘ ዲኤንኤ ሁሉ የሕያው ነው ማለት አይደለም። ከ200,000 ዓመት በላይ በሆናቸው ሳፕሮፔሎች ሳይቀር የአረንጓዴ ሰልፈር ባክቴሪያ ዲኤንኤ ተገኝቷል፤ እነዚህ ያለ ብርሃን የማይኖሩ ስለሆኑ፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ያለው ቅሪታቸው ብቻ ነው። የጥንቱን ባሕር ሁኔታ የሚነግሩን እንዲህ ያሉ ቅሪቶች ናቸው፤ ሕያዋኑ የሚመገቡትም ይህንኑ ጥንታዊ ቅሪት ነው። ስለዚህ ጭቃውን አይቶ የድሮውን አየር ንብረት የሚያነብ ሰው፣ ምን ያህሉ እንደተበላም አብሮ ማስላት አለበት።